ያልረገጥኩት ጀፎረ

የእናቴን አገር ጀፎረ «የግጦሽ መሬት» ብዬ የመዘገብኩት እኔ ነኝ።

ጀፎረ በጉራጌ መንደር መሃል ለመሃል የሚያልፍ ሰፊ የሣር መንገድ ነው። የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው። ቤቶቹ ግራና ቀኝ ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረው ይቆማሉ፤ ለቅሶውም፣ ሠርጉም፣ የመስቀል ደመራውም እዚያው ላይ ነው። ይህን የማያውቅ የጉራጌ ልጅ የለም ይባላል። እኔ ግን ቂርቆስ ተወልጄ ቂርቆስ ያደግኩ፣ ጉራጊኛዬ ከሰላምታ የማያልፍ፣ ወልቂጤን እንኳ በዓይኔ ያላየሁ ነኝ። ስለዚህ በሳተላይት ምስል ላይ ሳገኘው ከብት የሚሰማራበት መሰለኝ። ከቤቶቹ ጀርባ ያለውን ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ደግሞ «ደን» አልኩት። እንሰት ነበር። አገሩ በሙሉ የሚበላውን ተክል ደን አደረግኩት ማለት ነው።

ስህተቴን ያገኘው ሥራውን የሰጠን ተመራማሪ አይደለም፤ አለቃዬም አይደሉም። እናቴ ናት፣ ከአልጋዋ ሳትነሳ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

የምሠራው ካዛንቺስ ነው፤ አንድ አሮጌ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ለተመራማሪዎች ካርታ የምትሠራ ትንሽ ቢሮ ውስጥ። ጂአይኤስ ሲባል ለሰው ከባድ ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ አንድ ነገር የት እንዳለ ይመዘገባል፣ በላዩ ሌላ ነገር የት እንዳለ ይደረባል፣ ከዚያ ሁለቱን ምን እንዳገናኛቸው ይጠየቃል። ጠያቂው የማይመጣበት ሙያ የለም። ለአንዲት የጤና ተመራማሪ፣ ነፍሰ ጡር ሴት ከቤቷ እስከ ጤና ጣቢያ በእግሯ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅባት ዳገቱንና ወንዙን ጨምሬ አስልቼላታለሁ። ለአንድ የጅብ ተመራማሪ፣ አንገቱ ላይ መሣሪያ የታሰረለት ጅብ በየትኛው የጎርፍ መውረጃ በኩል ወደ ቄራ እንደሚመላለስ መስመሩን አውጥቼለታለሁ። አንድ የታሪክ መምህር ደግሞ የጥንት ሰዎች የት ይኖሩ እንደነበር ጠየቀኝ፤ ከምንጩና ከተዳፋቱ ተነስቼ ሦስት ቦታ ገመትኩለት። ሄዶ ቆፈረና ከአንዱ ላይ የሸክላ ገል አገኘ። የገሉን ፎቶ ላከልኝ። እኔ ከወንበሬ አልተነሳሁም ነበር።

ጂፒኤስ መጠቀም ስማር፣ ለልምምድ ብዬ አንድ ወር ሙሉ የሄድኩበትን መንገድ በስልኬ መዝግቤ ነበር። ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ሠላሳው ቀን አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ አንድ ወፍራም መስመር ሆነ፤ ከቂርቆስ ካዛንቺስ፣ ከካዛንቺስ ቂርቆስ። እሁድ እሁድ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወጣ አጭር ቅርንጫፍ አለው። በቃ። የጅቡ ካርታ ከኔ ይሰፋል። ኋላ የካዛንቺስ ሰፈሮች ሲፈርሱ መስመሬ በቆርቆሮ አጥር ዙሪያ ትንሽ ጠመዝመዝ አለ እንጂ መነሻውም መድረሻውም ያው ነው።

የተማርኩት ዘግይቼ ነው። እናቴ ካዛንቺስ አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጣቢ ነበረች። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ እጇን ታመመችና በእሷ ቦታ እኔ ገባሁ፤ ታናሽ ወንድሜ ይማር ተባለ፣ ተማረ። የማታ ትምህርት የጀመርኩት በሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ ዲግሪዬን ስቀበል አርባ ሁለት ሞልቶኛል። ዘግይቶ የተማረ ሰው ያገኛትን እውቀት እንደ ብርጭቆ ነው የሚይዛት። ቢሮ ያሉት ወጣቶች «ቲቸር» ይሉኛል። የአንድ ቤት ማዕዘን ከጣሪያው ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ከተሳለ እንደገና ስለማሠራቸው ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ የእርሻ ተመራማሪ ሥራ ይዞ መጣ። እንሰት የሚያደርቅ በሽታ አለ፤ በከብትና በመቁረጫ መሣሪያ ከጓሮ ጓሮ ይተላለፋል። ሰውየው በሽታው ጀፎረውን ተከትሎ ይሄድ እንደሆነ ማወቅ ፈለገ። በዚያውም ጀፎረዎቹ በአጥርና በባሕር ዛፍ ምን ያህል እንደጠበቡ ይለካ አለ። ለዚህ እያንዳንዱ ቤት፣ እያንዳንዱ የእንሰት ጓሮና የእያንዳንዱ ጀፎረ ስፋት ከምስሉ ላይ መነበብ ነበረበት።

አለቃችን ዶክተሩ ስብሰባ ላይ እንዲህ አሉ፦

«ምስሉን ያነበበ ሰው ራሱ ወርዶ ያረጋግጣል። ሦስት ሳምንት ፊልድ ነው። ስሙም ጥናቱ ላይ ይገባል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ለማስተርስሽ ይሆንሻል። የመመረቂያ ጽሑፍ ብቻ ነው አይደል የቀረሽ?»

«እሠራዋለሁ» አልኩ። እናቴ ትዝ ያለችኝ ከስብሰባው ወጥቼ ደረጃው ላይ ስደርስ ነው።

እናቴ ከሁለት ዓመት በፊት ከጋራው ሽንት ቤት ስትመለስ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሯል። ቤታችን ታክሲ በማይገባበት መተላለፊያ ውስጥ ነው። ጠዋት አንስቼ፣ አጥቤ፣ አብልቼ እወጣለሁ፤ ምሳ ሰዓት ጎረቤታችን ገባ ብላ ታያታለች፤ ማታ የኔ ናት። ወንድሜ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖረው፤ እሁድ ከሰዓት ብርቱካን ይዞ ይመጣል። ስለ ሦስቱ ሳምንት ደውዬ ነገርኩት።

«ሦስት ሳምንት?» አለ። «ማለቴ… አንድ ሁለት ቀን ቢሆን እሺ። ባለቤቴ ፈረቃ ናት። እኔ ደግሞ እማዬን እንዴት ብዬ ላጥባት? አንቺ እኮ ለምደሻታል።»

«መልመድ አይደለም» አልኩት።

«በቃ እናስብበት» ብሎ ዘጋ። እናስብበት ማለቱ እኔ አስቢበት ማለቱ ነው። ለእናቴ ምንም አልነገርኳትም። ጎረቤታችንን ማታ ማታም እንድታድርላት ልለምናት አስቤ፣ የምለውን በወረቀት ላይ ጽፌ ሁሉ ነበር።

አንድ ቀን ቢሮ መብራት ጠፋ። ምስሎቹን በትልቅ ወረቀት አትሜአቸው ስለነበር ጠቅልዬ ይዤ ቤት ገባሁ። ገና አሥራ አንድ ሰዓት ነው፣ ፀሐይ በበሩ ይገባል። ከእናቴ እግርጌ አልጋው ላይ አንዱን ዘርግቼ በቀይ እስክሪብቶ ማክበብ ጀመርኩ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች።

«ሥራ ነው፣ እማዬ።»

«ሥራማ ነው። የምን ሥራ?»

«ከላይ የተነሳ ፎቶ ነው። የገጠር መንደር።»

«የት ያለ?»

የወረዳውን ስም ነገርኳት። መነጽሯን ጠየቀችኝ፣ ወረቀቱን ወደ ደረቷ ሳበችው፤ እንደ ሕፃን ፊት በሁለት እጇ ይዛ አየችው።

«ይሄን ምን አልሽው?» ጣቷ በቀይ ያከበብኩት ላይ ነበር።

«የግጦሽ መሬት።»

«የምን ግጦሽ? ጀፎረ ነው ይሄ። አንቺ ልጅ፣ ቤቶቹ ሁሉ ወደ እሱ ዞረው አይታይሽም? ማን ነው ደጁን ወደ ግጦሽ አዙሮ የሚሠራ?»

«ይሄስ?» አልኩ የጥቅጥቁን አረንጓዴ እያሳየኋት።

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«ደን።»

ሳቀች። ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም፤ አልጋው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ስላመማት አቆመች። «እንሰት ነው። ችግኙ እዚህ ጋ፣ ከፍ ሲል ወደዚህ ይዛወራል፣ የደረሰው ደግሞ እዚህ። ረድፉን አታዪም? ደን በረድፍ ይበቅላል እንዴ? ይሄን ሁሉ ዓመት ተምረሽ…» አልጨረሰችውም። እኔ ግን ጨርሼ ሰማሁት።

በማግስቱ ወስጄ አስተካከልኩት። ልዩነቱን አንዴ ካዩት በኋላ አለማየት አይቻልም፤ ሁለት ሳምንት የሠራሁት ሁሉ ስህተት ነበር። ዶክተሩ አጠገቤ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«እንዴት አወቅሽው?»

«እናቴ ነግራኝ።»

«እናትሽ ሙያቸው ምንድን ነው?»

«አንሶላ አጣቢ ነበረች።»

«የቀሩትንም አሳዪያቸው» አሉ።

እንዲህ ተጀመረ። በየቀኑ ከሥራ መልስ፣ ሳይጨልም፣ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት አወጣላታለሁ፤ እሷ ታነባለች፣ እኔ እመዘግባለሁ። ይሄ እንሰት ነው፣ ይሄ ጫት ነው፣ ይሄ ባሕር ዛፍ ነው፣ ጥላውን አታዪም እንዴት እንደረዘመ። ይሄ ቤት ሰው የለበትም፤ ደጁ ድረስ ሣር በቅሏል። ይሄኛው ልጁ አዲስ አበባ ነግዶለታል፤ በጎጆው አጠገብ ቆርቆሮ ቤት ሠርቶለታል። የመጨረሻዎቹን ማንም አልጠየቃትም፤ እኔ ግን «ማስታወሻ» በሚለው ዓምድ ጻፍኳቸው። ከሳምንት በኋላ ስገባ ፊቷን ታጥባ፣ ሻሿን አስራ፣ መነጽሯን አድርጋ ትጠብቀኝ ጀመር። ታክሲ ጠፍቶ ካመሸሁ ትቆጣለች። «ሰው ሥራ አለው እኮ» ትለኛለች።

ደስ አለኝ? አዎ፣ መጀመሪያ ላይ። ለሁለት ዓመት ያወራነው ስለ መድኃኒትና ስለ ሽንት ቤት ነበር። ግን ሥራው እየጠራ በሄደ ቁጥር የሆነ ነገር እየጠበበ እንደሚሄድ ይሰማኝ ነበር። ምን እንደሆነ የገባኝ ዶክተሩ ሲጠሩኝ ነው።

«ሦስት ሳምንት ፊልድ ምን ያደርጋል?» አሉ። «እናትሽ እኮ ከጂፒኤስ ይበልጣሉ። ለናሙና ያህል ባልደረባሽ አራት ቀን ወርዶ ይመለስ። አንቺም እሳቸውን የት ትቻቸው ልሂድ ብለሽ አትጨነቂ። ተገላገልሽ።»

ከልባቸው ነው ያሉት። የሆነ ስጦታ የሰጡኝ ነው የመሰላቸው። አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ ወንበሩን አሽከርክሮ ወደ እኔ ዞረ። ረጅም ልጅ ነው፤ ጉልበቱ ጠረጴዛው ሥር አይገባለትም።

«ቲቸር፣ ፊልድሽን እማማ በሉብሽ አይደል?»

«ማዕዘንህን አስተካክል» አልኩት። ሌሎቹ ሳቁ። እሱም ሳቀ።

አሁን የምጽፈው የሚያሳፍረኝን ነው። በሙያችን አንድ አንባቢ የሚታመን መሆኑን ለማወቅ ያነበበውን ምስል ሳያውቅ ደግመን እናሳየዋለን። መልሱ ከተለያየ ንባቡ አይታመንም፤ ሰው ወርዶ ማየት አለበት። ይህን ማድረግ ተገቢ ነበር፤ መጀመሪያውኑ ማድረግ ነበረብኝ። ግን ያደረግኩት ለጥናቱ ብዬ አይደለም። እናቴ እንድትሳሳት ፈልጌ ነው። ወረቀቶቹን ዘቅዝቄ፣ ቁጥራቸውን ቀይሬ፣ እንደገና አተምኳቸውና ከአዲሶቹ ጋር ቀላቀልኳቸው። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ የወለደችኝ ሴት እንድትወድቅ ጠበቅኩ።

አልወደቀችም። እንሰቱ እንሰት ነው፣ ጫቱም ጫት ነው። በመጀመሪያው ቀን ያመነታችበት ላይ በሁለተኛውም አመነታች። አንዱን ብቻ አገኘሁ።

አሥራ ሰባት ቁጥር ወረቀት ላይ ያለው ጀፎረ ግልጽ ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሁለቱም በኩል አጥር ገብቶበታል፣ መሃሉ ላይ ደግሞ ባሕር ዛፍ ተተክሏል። ለጀማሪ እንኳ ይታያል። እናቴ ግን መጀመሪያ ሳሳያት በእርሳስ ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች አስምራ፣ ባሕር ዛፉን ከመሃል አድርጋ «ጀፎረ፣ ሙሉ» አለችኝ። ተዘቅዝቆ ሲመጣም ያንኑ አደረገች። እርሳሱ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ጥናቱ የሚፈልገው ደግሞ በትክክል ይህን ነው፤ ጀፎረው ምን ያህል ጠበበ የሚለውን።

ደስታዬን ደብቄ የመንደሩን ስም ጠየቅኳት። የተወለደችበት ነው።

ስለዚያ መንደር የማውቀው ትንሽ ነበር። ልጅ ሆኜ መስቀል ሲደርስ የሰፈሩ ሱቆች ይዘጋሉ፣ ባለቤቶቹ ልጆቻቸውን ጭነው አገር ይገባሉ፤ እኛ ግን እንቀራለን። ለምን ስላት «መንገዱ ሩቅ ነው» ትለኝ ነበር። ቅርብ መሆኑን ያወቅኩት ራሴ በካርታ ላይ ስለካው ነው፤ ጠዋት ተነስቶ ለምሳ የሚደረስበት ነው።

በሦስተኛው ቀን አሥራ ሰባትን ብቻ ይዤ ገባሁ። ሳልዘቀዝቀው ሰጠኋት።

«ሦስተኛሽ ነው ይሄን ስታሳዪኝ» አለች። «አንዴ በቁመቱ፣ አንዴ ገልብጠሽ፣ አሁን ደግሞ እንዲሁ። የምትፈትኚኝ ምን ፈልገሽ ነው?»

ጣቴን ወረቀቱ ላይ አደረግኩ። «መሃሉ ላይ ባሕር ዛፍ አለ፣ እማዬ። አጥርም ገብቶበታል።»

«አይቼዋለሁ።»

«መቼ?»

«መጀመሪያ ስታሳዪኝ።»

«ታዲያ ለምን ሙሉ ነው አልሽ?»

መነጽሯን አወለቀች። እንዲህ ብላ ነገረችኝ፤ አንዱንም ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ድረዋት ነበር፣ ከባሏ ቤት ወደ አባቷ ተመለሰች። አባቷ ወደ ባልሽ ተመለሺ አሏት፣ እንቢ አለች። የመስቀል ሰሞን ነው፤ አገር በሙሉ ገብቷል፤ ሰው ሁሉ ደጁ ላይ ተቀምጧል። ከአባቷ ደጅ እስከ መኪና መንገዱ ጀፎረውን ይዛ በቀን በብርሃን ሄደች። ግራና ቀኝ ቤት አለ፤ ከየቤቱ ሰው ያያታል፤ አንድም የጠራት፣ አንድም የሰደባት የለም። «ዛፍ የለው፣ አጥር የለው» አለች። «የሚከልል ነገር የለውም። ስፋቱ አላልቅ አለኝ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። አሁን ባሕር ዛፍ ተክለው አጠበቡት ብለሽ ትጽፊያለሽ። ጻፊ። በኔ አፍ ግን አይጻፍም።»

ከውጭ የጎረቤቶቻችን የልብስ ማጠቢያ ውሃ መተላለፊያው ላይ ሲፈስ ይሰማል።

«ሌላም ልንገርሽ» አለች። «ሦስት ሳምንት ልትሄጂ እንደነበር ወንድምሽ ነግሮኛል።»

«መቼ?»

«ገና ወረቀቱን ሳታመጪ። ያን ቀን ደን ነው ስትዪ ዝም ልልሽ እችል ነበር። ዝም ብልሽ ስህተት ሆኖ ይልኩሽ ነበር አይደል?»

«ሊሆን ይችላል።»

«ዝም ማለት አልቻልኩም። እንሰቱን ደን ስትዪው እንዴት ዝም እላለሁ?» አለች። «ከዚያ በኋላ ያነበብኩልሽ ግን እንድትቀሪ ነው። እኔ እያለሁ አንቺ ምን ልታዪ ትሄጃለሽ ብዬ ነው። ማን ያነሳኛል? ወንድምሽ?»

ቁጣ ቢመጣልኝ ደስ ይለኝ ነበር። አልመጣም። እኔ እሷን ለመጣል ወረቀት ስዘቀዝቅ፣ እሷ እኔን ለማስቀረት ስታነብ፣ ሁለታችንም በአንድ አልጋ ላይ በአንድ ወረቀት ላይ አጎንብሰን ነበር። የከፋው ደግሞ አሥራ ሰባት ቁጥር ከእጄ መውጣቱ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ አንባቢዋ አትታመንም የምልበት ማስረጃዬ ነበር። አሁን ግን እንዳየችው አውቃለሁ። ያየ ሰው ተሳስቷል ብዬ መጻፍ አልችልም። ሌላ ሰው ይችል ይሆናል።

በማግስቱ የሆነውን እንደሆነው ጻፍኩት፤ «አንባቢዋ ባሕር ዛፉንና አጥሩን አይታለች፤ ለመናገር ግን አልፈለገችም፤ ንባቡ የመዝጋቢዋ ነው።» ዶክተሩ አንብበው ሳቅ አሉ።

«ይሄ የጥናቱ ዘዴ ክፍል ውስጥ ይገባል እንዴ?»

«የሆነው ይሄ ነው።»

«እሺ፣ እሱ መንደር ጥያቄ ካለው ባልደረባሽ እዚያ ይሂዳ።»

ያኔ ነው ያልኩት፤ ወራት ሙሉ አፌ ውስጥ የነበረውን። «እኔ ልሂድ፣ ዶክተር። አራቱን ቀን።»

«መልካም» አሉ ወዲያው። ክፉ ሰው አይደሉም። «እሳቸውን ለማን ትሰጫቸዋለሽ?»

ያን ቀን ለወንድሜ ደወልኩለት። አራት ቀን ነው አልኩት። ባለቤቱ አሁንም ፈረቃ ናት። ጎረቤታችን ቀኑን እሺ ብላ ሌሊቱን ግን አልቻለችም፤ የራሷ ሕፃን አለባት። የጻፍኩትን የልመና ወረቀት ሳላነብላት ነው የመለሰችልኝ። ዶክተሩ ዓርብ ድረስ ጠበቁኝ። ዓርብ ጠረጴዛቸው ፊት ቆሜ «አልተመቸኝም» አልኩ። ባልደረባዬ ሰኞ ወረደ።

ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር ለመንኩት። «እዚያ ስትደርስ ደውልልኝ። እኔ በኮምፒውተር እመራሃለሁ።»

«ስፓይ ልታደርጊኝ ነው?» አለ።

ሐሙስ ፈቃድ ወስጄ ቤት ዋልኩ። አራት ሰዓት ገደማ ስልኩ ጮኸ። ላፕቶፑን እናቴ ጉልበት አጠገብ ከፍቼ አሥራ ሰባትን አውጥቼ ነበር።

«ቲቸር፣ የት ልቁም?»

«በስተቀኝህ ሰማያዊ ቆርቆሮ ቤት አለ?»

«አለ።»

«እሱን አልፈህ አንድ አጥር ወደ ውጭ ገፋ ይላል።»

«ወይ ጉድ፣ አለ። አንቺ እዚህ ኖረሽ ታውቂያለሽ እንዴ?»

«ባሕር ዛፉስ?»

«ውስጡ ነኝ። ከላይ ከሚታየው ይበዛል። ትንንሾቹ ገና ችግኝ ናቸው።»

እናቴ ካንገቷ ቀና አለች። «ስፋቱን በእርምጃ ይለካው» አለች።

«በሜትር ነው የሚለካው፣ እማዬ።»

«ለናንተ በሜትር። ለኔ በእርምጃ።»

ነገርኩት። ሲቆጥር ይሰማል፤ ቅጠል ይረግጣል፣ ሩቅ ከብት ይጮኻል። «ሃያ ሁለት፣ ከአጥር እስከ አጥር» አለ።

እናቴ ቁጥሩን በከንፈሯ ደገመችው።

«ቲቸር፣ አንዲት እናት ከቤታቸው ወጥተው ምን ትለካለህ እያሉኝ ነው። ምን ልበላቸው?»

እናቴ እጇን ዘረጋች። ስልኩን ሰጠኋት፣ እጇ ግን አልጨበጠውምና ሊወድቅ ሆነ። አንድ ክንዴን ከጀርባዋ ሥር አስገብቼ አነሳኋት፣ በሌላው ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዝኩላት። በጉራጊኛ ጀመረች። መጀመሪያ ቀስ አለች፤ ቃል የሚጠፋባት ይመስል ነበር፤ ከዚያ ፈጠነች። ከዚያኛው ጫፍ የሴት ድምፅ ጮክ አለ፣ ዝም አለ፣ እንደገና ጮክ አለ።

የሴትዮዋን ቤት እኔ ነኝ የሳልኩት። የጎጆውን ክብ፣ የጓሮዋን እንሰት፣ የገፋችውን አጥር። ማዕዘኑ አንድ እርምጃ ቢሳሳት አውቃለሁ። ከሚባባሉት ግን «ቂርቆስ» የሚለውን ብቻ ለየሁ። ብዙ አወሩ። ክንዴ ደነዘዘ። ዝቅ ባደርገው እናቴ ትወድቃለች፣ ስልኩን ባነሳው ወሬው ይቋረጣል። ሁለቱንም ይዤ ቆየሁ።

ሲያበቃ ስልኩን ወሰድኩ። መስመሩ ተቋርጧል።

«ማን ናቸው?»

«የወንድሜ ሚስት ናት። ወንድሜ ሞቷል።» ለቅሶ አልነበረውም ድምጿ፤ አስቀድማ የጠበቀችው ይመስላል። «ባሕር ዛፉን ማን ተከለው አልኳት። እኛ ነን አለች።»

«ሌላስ?»

«ለመስቀል ነይ አለች።»

ጠበቅኩ። «ምን አልሻት?»

«ልጄ ሥራ ይበዛባታል አልኳት።» ዓይኗን ጨፈነች። «ቀስ አድርገሽ አስተኚኝ።»

አስተኛኋት። ትራሷን አስተካከልኩ፣ ወረቀቶቹን ሰበሰብኩ። በቅጹ ላይ «በመስክ ያረጋገጠው» የሚል ዓምድ አለ፤ የባልደረባዬን ስም ጻፍኩበት። ሜትሩን ከላከልኝ በኋላ እንደምሞላው በእርሳስ ምልክት አደረግኩ። ማስታወሻው ላይ ደግሞ «ሃያ ሁለት እርምጃ» ብዬ ጻፍኩና ቆምኩ። እርምጃ መለኪያ አይደለም፤ የማን እርምጃ እንደሆነ ካልተጻፈ ምንም አይናገርም። ባልደረባዬ ረጅም ነው። በእናቴ ያን ጊዜ እርምጃ፣ በኔ ደግሞ ስንት እንደሚሆን የማውቅበት መንገድ የለኝም።